ሽፋኑ ይቆይ

ግማሹ ያገለገሉ የቤት ዕቃዎች ነጋዴ ነው። ስሙን ያወጣለት ሰፈሩ ነው። ሻጭ «መቶ» ሲለው «ሃምሳ»፣ «ሃምሳ» ሲለው «ሃያ አምስት» እያለ ጠጉሩ ሸበተ። ማጋነን አይሁንና፣ ከእሱ ጋር ዋጋ ተከራክሮ በጤናው ወደ ቤቱ የገባ ሰው የለም። አንድ የአልጋ ሻጭ ክርክሩ ሦስተኛ ቀኑን ሲይዝ «ውሰደው፣ ብቻ ድምፅህን አታሰማኝ!» ብሎ አልጋውን ከነፍራሹ ጥሎለት፣ ሱቁን ዘግቶ ሌላ ሙያ ፈልጓል፤ ዛሬ ንብ ያረባል ይባላል። ሶፋ የሚገዛ፣ ፍሪጅ የሚለውጥ፣ ቤት የሚከራይ ጎረቤት ሁሉ ግማሹን ሳያስከትል አይወጣም። እሱም ለድካሙ ምንም አይቀበልም። የሻጩ ፊት ሲጠቁር ማየት ለእሱ ምሳም እራትም ነው።

ታላቁ መሣሪያው ደግሞ ምላሱ እንዳይመስላችሁ፤ ጀርባው ነው። ዋጋው አልወርድ ሲል «በቃ፣ ይቅር» ይልና ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል። እንዴት ያለ አካሄድ! ወደ ቄራ የሚነዱት በሬ እንኳ እንደዚያ አይጎተትም። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ሻጩ ይቁነጠነጣል፤ አምስተኛው ላይ «ና እስኪ፣ ተመለስ» ይላል። በሠላሳ ዓመት ንግድ ውስጥ ግማሹ ሰባተኛውን እርምጃ ረግጦ አያውቅም።

ሚስቱ የመናኸሪያው ድምፅ ናት። ከትኬት መስኮቶቹ በላይ ባለችው የመስታወት ክፍል ውስጥ አስራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣለች። በግራ እጇ የማይክራፎኑን ቁልፍ ተጭና «የአራት ቁጥር ተሳፋሪዎች፣ በሁለተኛው በር» ስትል፣ ጎማው የተነፈሰ አውቶቡስ እንኳ ተነሥቶ ሊሄድ የሚቃጣው ይመስላል። እናቱ የጠፋችበት ሕፃን በእሷ ድምፅ ስሙ ሲጠራ ለቅሶውን አቁሞ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ግማሹም የወደዳት ፊቷን ሳያይ ነው። ያኔ አውቶቡስ እየጠበቀ ሳለ ድምፁን ሰምቶ አምስት አውቶቡስ አሳለፈ፤ ስድስተኛው ሲመጣ ደረጃውን ወጣ።

እንግዲህ ይህች ሴት ናት የላይኛው የፊት ጥርሷ ያመማት። ድሮ የተሞላ ጥርስ ነው። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ብቻ ይጠዘጥዛት ነበር፤ በኋላ ሳይነካም ሥራዬ ብሎ ያዛት። ሳምንት ሙሉ ማስታገሻ እየዋጠች ጥርሷን ነክሳ ቻለችው እንዳይባል፣ የሚነከሰውም እሱው ነበር። በስምንተኛው ቀን ከንፈሯ አብጦ ማይክራፎኑ ጋ ስትቀርብ ቃሉ ከአፏ ተንሻፎ ወጣ። የስምሪት ኃላፊው ደረጃውን ወጥቶ መጣ።

«ምነው፣ ዛሬ ድምፅሽ አኩርፏል?» አላት።

ማታውኑ ባሏን አጠገቧ አስቀመጠችው። «ስማኝ» አለችው። «ይሄ ጥርስ ከሄደ ማይኩም ይሄዳል። እዚያ ቤት ሰው የሚቀጠረው በአፉ ነው።»

«እኔ እያለሁልሽ?» አለ ግማሹ ደረቱን ነፍቶ። «ነገ አብረን እንሄዳለን። ብቻ አንቺ አፍሽን ክፈቺ፣ ሌላው የኔ ሥራ ነው።»

ክሊኒኩ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ገና ደረጃው ላይ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል። ስልክ ቁጥር ሲጠየቁ ግማሹ ቀድሞ የራሱን ሰጠ። ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፤ እጇ ግን አይንቀጠቀጥም፣ ንግግሯም አይጣደፍም። ጥርሱን በትንሽ ብረት መታ መታ አደረገች፤ ራጅ አነሣች፤ ሥዕሉን መብራት ላይ ሰቅላ ሁለቱንም ጠራቻቸው።

«ነርቩ ሞቷል፤ ሥሩ ጫፍ ላይ መግል ይዟል» አለች። «ደጉ ነገር፣ ሥሩ ራሱ ጠንካራ ነው። ይድናል። ውስጡን ከፍቼ፣ አጥቤ፣ እሞላዋለሁ፤ ይህ የሥር ሕክምና ነው፣ ስድስት ሺህ። ከዚያ በላዩ ሽፋን ይለብሳል፤ ልክ እንደ ቆብ፣ ከጥርስዎ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ያለው። ዘጠኝ ሺህ። በድምሩ አስራ አምስት።»

«ሌላስ ምን አላችሁ?» አለ ግማሹ፣ ሶፋ እንደሚያማርጥ ሰው።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ወረቀት ላይ እየጻፈች አስረዳች። ጥርሱ ይነቀል ቢባል፣ ክፍተቱን በሚወልቅ ጥርስ መሙላት ይቻላል፣ አራት ሺህ፤ ርካሽ ነው፣ ግን ላንቃ ላይ ስለሚያርፍ ንግግር ያስቸግራል። በድልድይ መሙላት ይቻላል፤ ግን ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ጤነኛ ጥርሶች ተሞርደው ለመሃለኛው ትከሻ ይሆኑታል፤ የሦስት ሽፋን ዋጋ ነው፣ ሃያ ሰባት ሺህ። ወይም አጥንቱ ውስጥ ብሎን ተተክሎ በላዩ ጥርስ ይታሰራል፤ አርባ ሺህ፣ ወራትም ይፈጃል።

«እኔን ከጠየቁኝ» አለች ወደ ሴትዮዋ ዞራ፣ «የራስዎን ጥርስ የሚያህል የለም። እናድነው።»

«እናድነው» አለች ሚስት ወዲያው።

ግማሹ በዐይኑ ቀጣት። ገዢ እንዴት የሻጭን ቃል ይደግማል! እሱ ነገሩ ገብቶታል። ይህች ልጅ አርባውን ያነሣችው አስራ አምስቱ ትንሽ እንዲመስል ነው፤ እሱም አንካሳውን ወንበር ለመሸጥ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያሳየው ውዱን ቁም ሳጥን ነው።

«ሰባት ተኩል» አለ።

«ምኑ?»

«ሁሉም። ሥሩም ሽፋኑም።»

«ጋሼ፣ እኛ ዘንድ ዋጋው ለሁሉም አንድ ነው።»

«እሱንማ እኔም በየቀኑ እላለሁ፣ ልጄ። በይ እሺ፣ ስምንት።»

«አይሆንም።»

«በቃ፣ ይቅር!» አለና ጀርባውን ሰጠ። አንድ... ሁለት... ሦስት። ኮሪደሩ ውስጥ ገባ። አምስት። ጆሮውን ወደ ኋላ አቆመ። ሰባት! አሥር! እንግዳ ተቀባይዋን አለፈ፤ እሷም ቀና አላለችም። ደረጃው ራስጌ ላይ ቆሞ የጫማውን ክር ፈትቶ አሰረ፤ የሌላውንም ፈትቶ አሰረ። «ተመለስ» የሚል ነፍስ ጠፋ። ይባስ ብሎ ሚስቱም አልተከተለችውም፤ ደረቷ ላይ ጨርቅ እንደታሰረላት ወንበሩ ላይ ተንጋላ ቀርታለች።

ዐይኑን በጨው አጥቦ ተመለሰ። «ኮፍያዬን ረስቼ ነው» አለ።

«ራስዎ ላይ ነው፣ ጋሼ» አለች እንግዳ ተቀባይዋ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ ይል ነበር። ግማሹ ግን ወረቀቱን ከሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ አንሥቶ በጣቱ ከላይ ታች ሄደበትና ዐይኑ በራ።

«ዶክተር፣ የሚያማት ውስጡ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«ውስጡን ካጠብሽው ሕመሙ ይቆማል?»

«ይቆማል፤ ግን...»

«እንግዲያው ስድስቱን እንከፍላለን። ሽፋኑ ይቆይ።»

ሐኪሟ መብራቱን አጠፋችና ለሁለቱም ተናገረች። «ነርቩ የወጣ ጥርስ እንደ ደረቀ እንጨት ነው፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ግን ይሰነጠቃል። ሕመሙ ስለጠፋ የዳነ ይመስላል። ሽፋኑ ጌጥ አይደለም፣ የሕክምናው ግማሽ ነው። ከአንድ ወር በላይ አይቆይ። ዋጋው ይጠብቃችኋል፤ ጥርሱ ግን አይጠብቅም።»

ሚስት ባሏን አየችው። «ዘጠኙም እኮ አለን» አለች ቀስ ብላ። «ሁሉንም እንጨርሰው።»

«በወሩ እናመጣታለን» አለ ግማሹ፤ ነገሩም በዚሁ አለቀ።

በሁለት ቀጠሮ የሥሩ ሕክምና ተሠራ። እብጠቱ ሟሸሸ፤ ሴትዮዋ ሌሊቱን ሙሉ ተኛች፤ በማግሥቱ መስታወት ክፍሏ ውስጥ ገብታ ቁልፉን ስትጫን ድምፁ እንደ አዲስ ሳንቲም ጠርቶ ወጣ። ከሾፌሮቹ አንዱ ከታች ሆኖ ጡሩምባ ነፋላት። በሰፈሩ ደግሞ ሌላ ጡሩምባ ይነፋል።

«ሐኪም ቤት በግማሽ ዋጋ!» ይላል ግማሹ ሱቁ በራፍ ላይ ቆሞ። «አስራ አምስት አሉኝ፣ በስድስት ጨረስኩ። ከግማሽ በታች እኮ ነው!»

«ጋሽ ግማሹ፣ አንተማ የሞት መልአክንም ትከራከረዋለህ» ይሉታል ጎረቤቶቹ።

«እሱን አሥር ዓመት አስቀንሼዋለሁ!»

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ስልኩ ጮኸ። እንግዳ ተቀባይዋ ነበረች። «ጋሼ፣ ለሽፋኑ ቀጠሮ ላስይዝላችሁ ብዬ ነው።»

«ስንት ሆነ?»

«ያው ዘጠኝ ሺህ።»

«እንነጋገራለን» ብሎ ዘጋና እጆቹን አፋተገ። በሠላሳ ዓመት የተማረው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ሻጭ ከደወለ ዋጋ ወረደ ማለት ነው። ማን ያልተቸገረ ሻጭ ይደውላል? እሱ ራሱ ለገዢ የሚደውለው ቁም ሳጥኑን ምስጥ ሊበላበት ሲል ብቻ ነው።

ወሩ ካለፈ በኋላ ደግማ ደወለች። «ጋሼ፣ ጊዜው አልፏል፤ ዶክተር እየጠየቀች ነው።»

«ሰባት በሉኝ፣ ነገ ይዣት ከተፍ እላለሁ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ገበያ እኮ አይደለም!»

«ነው እንጂ! ገበያ ያልሆነ ነገር ወረቀት ላይ ዋጋ አይጻፍበትም።»

ሦስተኛው ስልክ የሐኪሟ የራሷ ነበር። ግማሹ ድምፁን ሲለይ ልቡ ዘለለ፤ ባለሱቋ ራሷ ከወንበሯ ተነሣች ማለት ነው!

«ጋሼ፣ ለእሳቸው ስልኩን ይስጡልኝ፤ እኔ ላነጋግራቸው።»

«ሥራ ላይ ናት። እነግራታለሁ።»

«ይንገሯቸው። በየቀኑ ዕድል እየሞከሩ ነው።»

አልነገራትም። አንድ ጥሪ ቀርቶታል፤ በአራተኛው ሰባት ይሉታል፣ ምናልባትም ስድስት። ሚስቱ እየተነሣች እየተቀመጠች «ስለ ሽፋኑ አልደወሉም እንዴ? እኔ ልሂድና ልጠይቅ» ስትለው እንደ ሕፃን አባበላት።

«ደውዬ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ይቆያል፣ ችግር የለውም ብለዋል። ያመሻል?»

«አያመኝም።»

«ታዲያ!»

አመነችው። አስራ ስምንት ዓመት በትዳር ስትኖር በዋጋ ነገር ዋሽቷት አያውቅም፤ የሚዋሸው ሻጮችን ነበር።

አራተኛው ጥሪ ግን አልመጣም። በምትኩ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ መናኸሪያው ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ሴትዮዋ እንደ ሁልጊዜዋ በግራ እጇ የማይክራፎኑን ቁልፍ ተጭና፣ በቀኝ እጇ እስክሪብቶ ይዛ፣ የገባውን አውቶቡስ ቁጥር ለመመዝገብ ክዳኑን በፊት ጥርሷ ሳብ አደረገችው። አስራ ዘጠኝ ዓመት እንደዚያ ስትከፍት ኖራለች፤ ሦስተኛ እጅ ለሌለው ሰው ጥርስ እጅ ነው። ማይክራፎኑ ክፍት ነበር። ቀጭ ያለው ድምፅ በአስራ ስድስት ድምፅ ማጉያ መናኸሪያውን ሞላው። ሦስት ሺህ ሰው፣ አንድም ሳይጎድል፣ ቀና አለ። ከዚያ ጸጥታ፤ ከዚያ ትንፋሽ ብቻ። ባሏ በሱቁ በራፍ ሆኖ ሰምቷል የሚሉም አሉ። እሱ አልሰማም። የሰማው የስምሪት ኃላፊው ሲደውልለት ነው።

ክሊኒኩ ስትደርስ የጥርሷን ስባሪ በመሐረብ ይዛለች። ሐኪሟ አየች፤ ራጅ አነሣች፤ ሥዕሉን ሰቀለች። ዛሬ ማንም ሳያስረዳው ግማሹ ራሱ አየው፤ ጠንካራ የተባለው ሥር ከላይ እስከ ታች በጥቁር መስመር ተሰንጥቋል።

«እስከ ድድ ውስጥ ወርዷል» አለች ሐኪሟ። «ይህ አይተርፍም። ይነቀላል።»

ሴትዮዋ አፏን በመሐረቡ ሸፍና ጠየቀች። «ሽፋኑ ተደርጎ ቢሆን?»

ሐኪሟ ሥዕሉን ከመብራቱ ላይ አወረደች። «ሦስት ጊዜ ደውለን ነበር» አለች። «አንዱን እኔው ራሴ ነኝ የደወልኩት። አልተነገረዎትም?»

ሴትዮዋ አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ዘወር ብላ ባሏን አየችው። ግማሹ በዕድሜው የስንቱን ሻጭ ፊት ሲጠቁር አይቷል፤ እንዲህ ያለ ፊት ግን አላየም። ይህኛው አልጠቆረም፤ ተዘጋ።

«ዶክተር» አለ ተንተባትቦ፣ ከብብቱ ሥር የገንዘብ ቦርሳውን እየመዘዘ። «አርባ ሺሁን። ብሎኑን። የፈለግሽውን ጥሪ፣ አልከራከርሽም። ሃምሳም በይኝ! ዛሬውኑ ግጠሚላት።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው። ሐኪሟ ቦርሳውን አላየችውም።

«ዛሬ መንቀል ብቻ ነው የምችለው። መግሉ ተመልሷል፤ አጥንቱም ተጎድቷል። ቦታው እስኪሽር አራት ወር። ከዚያ ብሎኑ ቢተከል፣ ከአጥንቱ ጋር እስኪያያዝ ሌላ አራት። እስከዚያ የሚወልቅ ጥርስ ያደርጋሉ።»

«ገንዘብ ቢጨመርስ? ቶሎ እንዲሽር?»

«አጥንት ነው እኮ፣ ጋሼ» አለች ሐኪሟ። ከዚህ በፊት በሰውየው ላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ አሁንም አላደረገችም፤ ያ ነው ያቃጠለው። «አጥንት ማንን ይሰማል?»

ሚስት በጣቷ በሩን አሳየችው። «ውጭ ጠብቀኝ።»

«እኔ ልሁንልሽ እንጂ፣ የሚባለውን...»

«ውጭ!»

ወጣ። አሁን እርምጃውን የሚቆጥር አልነበረም። በተዘጋው በር ሚስቱ ስትጠይቅ፣ ሐኪሟ ስትመልስ ይሰማዋል፤ ድልድዩ ስንት ዓመት ይቆያል፣ ጤነኞቹን ጥርሶች መሞረድ ምን ያመጣል፣ ብሎኑ አልይዝ ካለስ፣ ክፍያውን በስንት በስንት መክፈል ይቻላል። አንድ በአንድ ጠየቀች፤ ያልገባትን ደገመች። መጀመሪያ ቀን እንዲህ ብትጠይቅ ኖሮ ብሎ አሰበና፣ ያን ቀን አፍሽን ክፈቺ፣ ሌላው የኔ ሥራ ነው ያላት እሱ መሆኑ ትዝ አለው።

ስትወጣ ከንፈሯ በማደንዘዣ ወድቋል። አጠገቡ አልፋ እንግዳ ተቀባይዋ ጋ ሄደች።

«ያንን ስልክ ቁጥር ሰርዢልኝ» አለች። አንደበቷ ተይዞ ነበር፤ ግን ቃሉ ይለያል። «የኔን ጻፊ።»

የመናኸሪያው ነገር ብዙ ወሬ አይፈልግም። የስምሪት ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ አንድ ወር ታገሣት። በሚወልቀው ጥርስ ሞከረችው። ላንቃዋ ላይ ያረፈው ፕላስቲክ አየሩን ስለሚያሾልከው፣ ቁልፉን በተጫነች ቁጥር አስራ ስድስቱ ድምፅ ማጉያ አብረዋት ያፏጩ ነበር። ጫኞቹ እየተቀበሉ አፏጩ። አንድ ሾፌር «እባብ ገባ!» ብሎ ጮኸና የጣቢያው ሰው ሁሉ ሳቀ። ወሩ ሲያልቅ ኃላፊው ደረጃውን ወጣ።

«ለጊዜው ነው» አላት፣ ዐይኗን ሳያይ። ማይክራፎኑን ከትኬት መስኮት ለመጣች ልጅ ሰጠ፤ ሴትዮዋን ሻንጣ ማስቀመጫ ክፍል አወረዳት። እዚያ ሥራው ዕቃ ላይ ቁጥር ማሰር ነው፤ አፍ አይፈልግም።

ግማሹ በሳምንቱ ሄዶ ሻንጣዎቹ መሃል አገኛት። የገዛ ጆሮውን የሚያሳፍር ልስላሴ ባለው ድምፅ «ይቅር በይኝ» አላት። «ላንቺው ብዬ ነው። ሁለት ሺህ ላተርፍልሽ።»

የአንዱን ሻንጣ ቁጥር አሰረች፤ ገመዱን በመቀስ ቆረጠች።

«ለኔ አይደለም» አለች አፏን በእጇ ጋርዳ። «ለወሬ ነው። አስራ አምስቱን ብንከፍል ምን ብለህ ልታወራ ነበር?»

ግማሹ የተቆረጠውን ገመድ ከመሬት አንሥቶ በጣቱ ጠቀለለው። ከላይ የአዲሷ ልጅ ድምፅ «የአራት ቁጥር ተሳፋሪዎች» እያለ መጣ። ጥሩ ድምፅ ነበር፤ ምንም አይወጣለትም። ሴትዮዋ እስኪያልቅ ድረስ ራሷን አላቀናችም።

ወራት አለፉ። አንዳንድ ጠዋት ቀድማ ትወጣለች፤ ወዴት እንደሆነ አትናገርም፣ እሱም አይጠይቅም። ለክፉ ቀን ያስቀመጡትን ገንዘብ ከፍቶ አየ፤ አልተነካም። ከእህቷ ተበደረች? ከደመወዟ ይቆረጣል? ድልድዩን መረጠች ወይስ ብሎኑን? ሰፈሩ ውስጥ የማንኛውንም ወንበር፣ የማንኛውንም ምድጃ ዋጋ እስከ ሳንቲሙ የሚያውቀው ሰው፣ በገዛ ቤቱ ስለሚሆነው ምንም አያውቅም። ዋጋ አስቀንስልን ብለው የሚመጡትንም «ዛሬ አልተመቸኝም» እያለ መመለስ ጀመረ።

አንድ ቀን ቁርስ ላይ ሻይ ስትጠጣ አየው። ክፍተቱ ተዘግቷል። ጥርሱ ከጎረቤቶቹ የማይለይ፣ ንጹሕ፣ ቀጥ ያለ ነው። «ስኳሩን አቀብለኝ» ስትለውም ፉጨቱ የለም፤ ያ ድሮ አምስት አውቶቡስ ያሳለፈበት ድምፅ፣ ትንሽ ደክሞት፣ ጠረጴዛው ላይ ወጣ። ልቡ ዘለለ።

«ማይኩን ይመልሱልሽ ይሆን?»

«የልጅቷ ቅጥር ጸድቋል። በቋሚነት።»

ስኳሩን አቀበላት። እንደ ልማዱ ጥርሱን በዐይኑ መዘነው፤ ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ፣ ዋጋ ሊያወጣለት ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«ስንት አሉሽ?» አለ በመጨረሻ፣ መቻል አቅቶት።

«ያሉኝን።»

«አንቺስ ስንት አልሽ?»

«እሺ አልኩ» አለችና ሻይዋን ጨርሳ፣ የሻንጣ ክፍሉን ቁልፍ ይዛ ወጣች።